ለአክስቴ የቀመስኩት ክትፎ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ምግብ ቤት ውስጥ ትእዛዝ ለመቀበል ነው፤ እሱም «አንድ ሽሮ፣ ሁለት ጥብስ» ከማለት አያልፍም። መናገር ደግሞ ከመጻፍ ይብስብኛል። ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። አክስቴ ስትሞት ለቅሶ የመጡት ሰዎች «ምን ሆና ነው?» ሲሉኝ «ትኩሳት ነው» አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ግን ያልኩት ያንን ብቻ ነው። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ስጽፈው አላለቅስም። ለምን እንደማላለቅስ አላውቅም። ብዙ ሳህን ሳጥብ ውዬ ማታ እጄ እንደሚሆነው ነው፤ የሚነካኝን ነገር እሰማዋለሁ፣ ግን ከሩቅ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። እትዬ ነበር የምላት። ካምፓላ ከእኔ ቀድማ መጥታ ነበር፤ እናቴ ካረፈች በኋላ እኔንም አስመጣችኝ። የምንኖረው ካምዎክያ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው። ዝናብ ሲጥል ከኮሎሎ በኩል የሚወርደው ውኃ በበራችን ስለሚያልፍ ደጃፉ ላይ ጡብ ደርድረናል። ጠዋት ጡቦቹን ረግጠን እንወጣና፣ ቻፓቲና እንቁላል እየጠቀለለ ሮሌክስ የሚሸጠውን ሰውዬ አልፈን፣ ቦዳዎቹ፣ የኪራይ ሞተሮቹ፣ ከሚቆሙበት መታጠፊያ ወደ ላይ እንወጣለን። የምንሠራው ሁለታችንም አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። እሷ ወጥ ቤት ናት፤ እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ አስተናግዳለሁ።

የእትዬ ክትፎ ስም ነበረው። ከኪቡሊና ከንሳምብያ ድረስ በቦዳ የሚመጡለት ሰዎች ነበሩ። ሥጋውን በማሽን አታስፈጭም። ስቡንና ጅማቱን በጣቷ እየለቀመች በቢላ ትከትፈዋለች። ቅቤውን ለብ አድርጋ ታፈስበታለች፣ ሚጥሚጣና ጨው ጣል ታደርግና ታሸዋለች። ከዚያ በትንሿ ጣቷ ጫፍ አንስታ ምላሷ ላይ ታኖርና ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ዓይኗ ካልተገለጠ ሳህኑ አይወጣም።

«ወጥ አንዴ ከቀመስሽው ላገሩ ሁሉ ይበቃል» ትለኝ ነበር። «ክትፎ ግን ሳህን በሳህን ነው። ያንዱ ሥጋ ካንዱ አይገጥምም።»

ቁጭ ብላ ምሳ ስትበላ አይቻት አላውቅም። በቅምሻ ጠግባ ነው የምትውለው።

ከገና በፊት መክሳት ጀመረች። ቀሚሷን ከጎንና ከጎን አጠበብኩላት፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና አጠበብኩላት። አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣባት። ያተኩሳታል፣ ይለቃታል፣ ደግሞ ይመለሳል። «ብርድ ነው» አለች። ነጭ ሽንኩርት በማር በላች፣ ጠበል ጠጣች። አንድ ቀን ሥጋ ስትከትፍ ቢላው ከእጇ ወደቀ። አንስታ ቀጠለች፤ ደግሞ ወደቀ። በማግስቱ ክሊኒክ ሄድን።

እኔን ይዛኝ የሄደችው ለማስተርጎም ነው። የእሷ ሉጋንዳ ሥጋ ገዝታ ለመመለስ ያህል ነው። እኔ ገበያ ስመላለስ፣ ሳህን ሳጥብም ከአጠገቤ የሚያወሩትን ስሰማ፣ ሳላስበው ለምጄዋለሁ። መስማት እችላለሁ፤ የሚያስቸግረኝ መናገር ነው።

ያየችን ነርስ ትልቅ ሴት ናት። ሁሉም ሰው ሙሳዎ ይላታል፤ እዚያ ሐኪምም ነርስም ሙሳዎ ነው የሚባለው። ከእትዬ ደም ወሰደች፣ ሽንትም ሰጠን፣ ብዙ ቆይተን ጠራችን። የነገረችኝን ወደ አማርኛ መመለስ ነበረብኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣

«እትዬ፣ ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ አለ ትላለች» አልኩ።

«ሰማሁ» አለች እትዬ። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

በክፍሉ ውስጥ ከእኛ በቀር አማርኛ የሚያውቅ አልነበረም።

ሙሳዎዋ ቀጠለች። ቫይረሱ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ የሰውነቷ ወታደሮች አልቀው የቀሩት ጥቂት ናቸው አለች። ዋናው መድኃኒት ወታደሮቹን ይመልሳቸዋል፤ ግን ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ በሩ ክፍት ነው፤ ጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ጀርም እሷን ሊገድላት ይችላል አለች። የሳንባ ነቀርሳ አልተገኘባትም፤ እንዳይዛት ግን መከላከያ ኪኒን ጨመረችላት። ከዚያ አንድ ትልቅ ነጭ ኪኒን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችን።

«ሴፕትሪን» አለች። «ይሄ አስካሪ ነው።»

አስካሪ የሚሏቸው በየግቢው በር የሚቆሙትን ዘበኞች ነው።

«ወታደሮቹ እስኪመለሱ በሩን የሚጠብቀው ይሄ ነው። በየቀኑ ትውሰደው። ደህና ሆንኩ ብላ አስካሪውን እንዳታሰናብት። ሲበቃው እኔ እነግራታለሁ።»

ይሄን ስተረጉም እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ምግብ ሄድን። ውኃ አፍልታ ትጠጣ። ወተት ይፍላ። እንቁላል በደንብ ይብሰል። ሥጋ ቀዩ እስኪጠፋ ይብሰል።

እዚህ ላይ እትዬ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «ሥራዬ ምን እንደሆነ ንገሪያት» አለችኝ።

ነገርኳት። ሙሳዎዋ መነጽሯን አውልቃ አየችን።

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን።»

«እኛ ማቶኬ፣ ሙዙን እንኳ፣ በቅጠል ጠቅልለን ግማሽ ቀን ነው የምናበስለው! እናንተ ሥጋውን ጥሬውን?» አንገቷን ነቀነቀች። «ኛቦ» አለችኝ፤ እመቤት ማለት ነው። «ሥራዋን ትሥራ። እጇን በሳሙና ትታጠብ። ግን አትቅመስ። በጣቷ እንኳ አትቅመስ።»

እትዬ ትርጉሙን ሰምታ ተነሳች። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ፣ «ሳልቀምስ ክትፎ» አለች ለራሷ። ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ምላስ የለሽም እንዴ?»

እንዲህ ነው ቀማሽ የሆንኩት።

ለምግብ ቤቱ ባለቤት ለጋሼ ለምን እንዳልነገረቻቸው የሚጠይቅ ይኖራል። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ከእኔ በፊት ሳህን ያጥብ የነበረ አንድ ሰው ነበር። መድኃኒት ሲወስድ ታየ ተባለ። ማንም ምንም አላለውም፣ ማንም አላባረረውም። አንድ ቀን ሻይ የሚጠጣበት ኩባያ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮበት አገኘው። ማን እንዳሰረው ማንም አልጠየቀም። ሰውየው ሻዩን ጠጥቶ፣ ኩባያውን አጥቦ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ አልተመለሰም። ይሄን የነገረችኝ እትዬ ናት። «እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ነኝ» አለች። «የእኔን ክር የት ሊያስሩት ነው?»

መቅመስ ለእኔ ቀላል አልነበረም። ክትፎ ወድጄ አላውቅም። በዚያ ላይ ሌሎቹ ሠራተኞች እንዳይገባቸው በቃል መናገር አልነበረብኝም፤ ይሄ እንኳ ለእኔ ጥሩ ነበር። እትዬ ምልክት አወጣች። ጨው ካነሰ ሻሼን እነካለሁ። ሚጥሚጣ ካነሰ ጆሮዬን። ቅቤ ካነሰ ሽርጤን አጠብቃለሁ። ልክ ከሆነ እጄን ወደ ሳህን ማጠቢያው እመልሳለሁ። እሷ አሽታ ስትጨርስ ጠጋ እላለሁ፣ በማንኪያ ጫፍ አነሳለሁ፣ ምላሴ ላይ አኖራለሁ። ዓይኗ ሻሼ ላይ ነው።

እኔ ግን ሁልጊዜ እጄን ወደ ሳህኖቹ ነበር የምመልሰው። ጨው ሲያንስም እመልሰዋለሁ። እጇን ሳውቀው ባገር ምድሩ የተመሰገነ ነው፤ እኔ ማን ሆኜ ነው «አንሶታል» የምላት? አንድ ሁለት ጊዜ እጄን ወደ ሻሼ አንስቼ ነበር። መሐል ላይ ግን ፀጉሬን እንደማስተካክል አስመስዬ አወረድኩት።

የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ አንድ የድሮ ደንበኛ አለ። ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሲስቅ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የነቃው እሱ ነው። ሳህኑን ሳነሳ ጠራኝ።

«ስሚ እስቲ፣ ወጥ ቤቷ ምን ሆናለች? ከባሏ ተጣልታ ነው?»

«ባል የላትም» አልኩ።

«እኮ! ለዚያ ነዋ ከጨው የተጣላችው። ከማን ትጣላ ታዲያ?»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሳህኖቹን ይዤ ገባሁ። እትዬ በመጋረጃው በኩል ሰምታለች። አጠገቤ ቆማ እጇን አየችው፤ በሳሙና ታጠበችና ወደ ሥጋው ተመለሰች። ሌላ ቀን ጋሼም መጥተው፣ «እታለም፣ ደክሞሻል መሰለኝ። ረዳት ልፈልግልሽ?» አሏት። «ደህና ነኝ ጋሼ» አለች። ረዳት ማለት ተተኪ ማለት እንደሆነ እሷም እሳቸውም ያውቃሉ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባና ክትፎ ቆመ። እኔ ደስ አለኝ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሁሉም የሚፈላ ነው። እትዬ እንደ ልቧ ቀመሰች። ሙሳዎዋን ጠይቄላት መድኃኒቱን በሙሉ ማታ ከራት በኋላ ማድረግ ይቻላል ስላለች ጾሟን አላጓደለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውጠው፤ እኔም አላይም፤ የኩባያው ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። በጾሙ አጋማሽ ፊቷ መለስ አለ። ያጠበብኩትን ቀሚስ ፈታሁላት። ክሊኒክ ስንሄድ ሙሳዎዋ ሚዛን ላይ አቁማት እልልታ ልትል ምንም አልቀራትም።

«ምላሴን ንገሪያት» አለችኝ እትዬ።

ምላሷ ሞቶባታል። ምንም ብትቀምስ ይመራታል ወይም እንደ ብረት ይላታል። ጥፋተኛው ነጩ ኪኒን ነው ብላ ነበር የምታምነው። እኔም ነገርኩ። ሙሳዎዋ እሱ ሊሆን ይችላል፣ በሽታው ራሱም ሊሆን ይችላል፣ ይመለሳል፣ ትታገስ አለች። ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፣ «በደንብ ተርጉሚላት። ወታደሮቹ ገና ናቸው። የወፈረችው ሰውነቷ ነው እንጂ በሩ አልተዘጋም። አስካሪው ከሄደ ማንም ይገባል» አለች።

ሁሉንም ተረጎምኩላት። ምንም አላስቀረሁም። እትዬ፣ «እሺ በያት» አለች።

የፋሲካ ዕለት ጋሼ ሁልጊዜ ለደንበኞቻቸው ምሳ ያደርጋሉ። ጠረጴዛዎቹን አገጣጥመን አንድ ረጅም ገበታ ሠራን። ሰዉ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ትንሽ ተኝቶ የመጣ ነው፤ ነጭ ለብሷል፣ ሥጋ ናፍቆታል። ውጭ ዝናብ እየጣለ ነው። ሰው ስለበዛ ጋሼ ከወጥ ቤት አውጥተው አስተናጋጅ አደረጉኝ። እትዬን በዓይኔ ጠየቅኳት። «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

ክትፎውን እያመላለስኩ አቀረብኩ። የመለዋወጫ ነጋዴው አንዴ ጎረሰና እጁን አየር ላይ አቆመው። ሁሉም ጠበቁት።

«ታርቀዋል!» አለ።

«ከማን ጋር?» አለው አንዱ።

«ከጨው ጋራ ነዋ!»

ሳቁ ጣራውን ነካው። ጋሼ በጣም ደስ አላቸው። ተነስተው መጋረጃውን ገልጠው እትዬን እጇን ይዘው አወጧት። ሽርጧን እየጠራረገች ወጣች። አጨበጨቡላት። እሷም ቀና ብላ ቆመች፤ እንዲያ ቆማ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር። ጋሼ እንጀራ ቀደዱ፣ ከጥሬው ክትፎ አፍሰው ጠቀለሉ፣ የልጅ ጡጫ ያህል ጉርሻ ሠሩ።

«ይሄን ሁሉ ሰው ያበላች እሷ ሳትበላ አትውልም። በይ እታለም፣ አፍሽን!»

እትዬ አየችኝ። እኔ ከጎናቸው ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና መሐላቸው ገባሁ።

«ለኔ ይስጡኝ ጋሼ» አልኩ።

ድምፄን አላውቀውም ነበር፤ ጮክ ብሎ ነው የወጣው። ገበታው ሁሉ ተንጫጫ።

«ውይ! ትናገራለች እንዴ ይቺ ልጅ?»

«እኔ ድዳ ናት ብዬ በምልክት ሳዛት ነው የኖርኩት!»

«ጋሼ ስጧት፣ ጾሙ በርትቶባት ነው!»

ጋሼ እየሳቁ አጎረሱኝ። አፌ ሞላ። ከዚያ ጣዕሙ መጣ። ጨው ልክ ነበር። ሚጥሚጣው ልክ ነበር። ቅቤው ልክ ነበር፤ አንድም የሚጎድል ነገር አልነበረውም። እኔ የቀመስኩላት ክትፎ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሳትቀምስ እንዲህ ሊሆን እንደማይችል አፌ ውስጥ ሆኖ ገባኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሳህን በሳህን ስትቀምስ ውላለች።

እኛ ዘንድ ጉርሻ ባንድ አይቆምም። ጋሼ ሌላ ጠቅልለዋል። «አሁን ደግሞ የአክስትየው!» አሉ። እኔ አፌ ሞልቶ መናገር አልቻልኩም። እትዬ እየሳቀች አፏን ከፈተችና ጎረሰች። ስታኝክ ግራ ዓይኗን ጨፈነች።

ኋላ ወጥ ቤት ውስጥ፣ «እትዬ፣ ቀመስሽ?» አልኳት።

«በዓል ነው ሚጡ።»

«ሙሳዎዋ ግን…»

«ሙሳዎዋ ክትፎ ታውቃለች?» አለችኝና ጉንጬን በእርጥብ እጇ ነካችኝ። «ተመልሶልኛል። ምላሴ ተመልሶልኛል።»

ደስ ብሏት ስለነበር ለምን እንደተመለሰላት አልጠየቅኩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ማንቀጥቀጥ ጀመራት። ብርድ ልብስ ደረብኩላት፣ የእኔንም ጨመርኩ። ተቅማጥ ያዛት። በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ጭቃ ስለነበር ታክሲ እኛ ጋ አይገባም። ቦዳ ጠራሁ። ሹፌሩ ከፊት፣ እሷ መሐል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አቅፌያት ሄድን። ሰውነቷ በቀሚሱ ውስጥ አልፎ ያቃጥለኝ ነበር። ሹፌሩ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ይቅርታ እናት፣ ይቅርታ እናት» ይል ነበር በቋንቋው። አልተረጎምኩላትም።

ሆስፒታል ደም ወሰዱ፣ በክንዷ መድኃኒት ሰቀሉላት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጀርሙ ከሆዷ አልፎ ደሟ ውስጥ ገብቷል አለኝ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ እንቁላል፣ ያልፈላ ወተት ላይ የሚገኝ ነው አለ። የምትወስደውን መድኃኒት በሙሉ አምጪ አለኝ። ቤት ሄጄ ከፍራሹ ሥር ያለውን ፌስታል አወጣሁ። የዋናው መድኃኒት ጠርሙስ ሊያልቅ ነው፤ ሲነቀነቅ ጥቂት ነው የሚሰማው። የሴፕትሪኑን አነሳሁት። ከበደኝ። ነቀነቅኩት። ጥቅጥቅ ያለ ነበር።

ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ሰውየው ቻፓቲ ሲጠፈጥፍ ይሰማኛል። ማልቀስ የነበረብኝ እዚያ ጋ ይመስለኛል። ጡቦቹን ረግጬ ወጣሁና ተመለስኩ።

ሐኪሙ ጠርሙሱን አይቶ እትዬን አያት። ከዚያ እኔን። «ለምን አቆመች?» አለኝ። ጠየቅኳት።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ምላሴን ፈልጌው ነው» አለች።

ይሄን ወደ ሉጋንዳ እንዴት እንደምመልሰው አላወቅኩም። «ለሥራዋ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና መድኃኒቱን ቀየረላት።

ጋሼ ሊጠይቋት መጡ። ብርቱካን ይዘዋል፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እግርጌዋ ቆሙ። «እታለም፣ ቤቱ ያላንቺ ምንም አላምር ብሏል» አሏት። «እመጣለሁ ጋሼ» አለች። እውነት የምትመጣ መስሎኝ ነበር። ትኩሳቱ አንድ ቀን ጋብ አለና ቁጭ አለች፤ «ርቦኛል» አለች። ሐኪሙ ቀጠን ያለ መረቅ ይሰጣት አለ።

እዚያ በሽተኛን የሚያበላው የራሱ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው፣ የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው ያበስላሉ። ከእትዬ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ልጇን የምታስታምም ሴት ምድጃዋን አዋሰችኝ። ሥጋውን ለረጅም ጊዜ ቀቀልኩት። ቀዩ ጠፋ፤ ግራጫ ሆነ፤ በራሱ መበጣጠስ ጀመረ። አሁንም አላወረድኩትም። ሴትየዋ በድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ አየች።

«ኛቦ፣ ይሄ ሥጋ ድሮ ሞቷል። ተይው አሁን!»

ዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። በማንኪያ ቀመስኩት። ጨው አንሶታል። ይዤ የመጣሁት ጨው አልቆ ነበር፤ ሴትየዋን ጨው ስጪኝ ማለት አፈርኩ። ምድጃዋን ሰጥታኛለች፣ ከሰሏንም። ይሁን ብዬ በኩባያ ቀድቼ ወደ ላይ ይዤ ወጣሁ።

ጀርባዋን በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት። ኩባያውን ራሷ ያዘች። አንዴ ፉት አለችና ምላሷ ላይ አቆየችው። ግራ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቅኳት። ዓይኗ ቶሎ አልተገለጠም።

«ቀምሰሽዋል?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ?»

እጄን አንስቼ ሻሼን ነካሁ። እስክታየው ድረስ አላወረድኩትም።

አየችው። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ሳቅ መጣ። ኩባያውን መልሳ ሰጠችኝ። ደረጃውን ወርጄ፣ ሴትየዋን ጨው ለምኜ፣ አማስዬ፣ ቀምሼ ስመለስ ተኝታ ነበር። ትኩሳቱ ዞሮ መጥቶባታል። መረቁን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንቅልፍ አልነቃችም። ስለዚህ ኩባያውን ስትሰጠኝ የተናገረችው ለእኔ የመጨረሻ ቃሏ ሆነ።

«በይ አትፍሪ ሚጡ፣ ጨምሪበት።»